ዝቅ ያለው መስኮት

ዓይናለም የሥዕል ክፍሏን ልታሠራ ያሰበችው ደብረ ታቦር ባለው የአባቷ ጓሮ፣ ከኮሶው ዛፍ አጠገብ ነበር። አባቷ አቶ ሙላቴ ቦታውን ሲሰጧት ግን ቀን ቆርጠውላታል።

«እስከ ግንቦት መጨረሻ አልቆ ካልገባሽበት ባሕር ዳር፣ አጎትሽ ማተሚያ ቤት ትገቢያለሽ። እዚያ ደመወዝ አለ።»

አናጺው ይሻው ሥራውን የጀመረው በመለካት ነው። ዓይናለም ጠዋት ጠዋት በርጩማዋን አውጥታ ስትስል፣ እሱ ሜትሩን ይዞ በጀርባዋ ያልፋል፤ ችካል ይተክላል፤ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። አያወራም። ቀና ስትል ዓይኑን ወደ ሜትሩ ይመልሳል። እሷም ያንን ዓይን መጠበቅ ለመደች።

ግድግዳው ቆመ፤ ጭቃው ተመረገ። መስኮቱ ሲገጠም ግን አባቷ ሳቁ።

«አንተ ይሻው፣ ይኼ ለዶሮ ነው?»

የመስኮቱ የላይኛው ጠርዝ ከዓይናለም አገጭ አያልፍም። ደግሞም ሰው ሁሉ ነፋሱን ሸሽቶ የቤቱን ጀርባ ለጉና ተራራ ሲሰጥ፣ ይሻው መስኮቱን ፊት ለፊት ወደ ጉና ከፍቶታል። ቆማ ብታይ የጎመኑ መደብ ብቻ ታያት። ግንቦት ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል።

«ስትለካ የከረምከው ይኼን ነው?» አለችው። «በቃ፣ ልብሴን ልሰብስብ!»

ይሻው በርጩማዋን አምጥቶ ወለሉ ላይ ከቀረችው አንዲት ችካል አጠገብ አስቀመጠ።

«እስቲ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች።

ጉና ከእግሩ እስከ አናቱ በመስኮቱ ልክ ገባ። የጠዋቱ ጉም ቀስ እያለ ሲነሳ መጀመሪያ የታረሰው መሬት፣ ቀጥሎ ገደሉ፣ በመጨረሻ ባዶው ጫፍ ተገለጠ። የኮሶው ቅርንጫፍ ፀሐይዋን ከዓይኗ ከልሎ ብርሃኑን ወረቀቷ ላይ ብቻ አሳረፈው። ከልጅነቷ ጀምሮ ያየችው ተራራ ነው። እንዲህ አይታው አታውቅም። እጇ በራሱ አፏን ያዘ።

አቶ ሙላቴ ከኋላዋ ጎንበስ ብለው አዩ። ሳቃቸው ጠፋ።

«ስመ ሥላሴ!» አሉና ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ወጡ።

«ብርድ ቢሆንም ሁልጊዜ ፊትሽን ወደዚያ አዙረሽ ነው የምትቀመጪው» አለ ይሻው። «የለካሁት ስትቀመጪ እንጂ ስትቆሚ አይደለም።»

ዓይናለም ችካሏን በእግሯ ጫፍ ነካች።

«ይሻው።»

«አቤት።»

«አንድ በርጩማ ይጎድላል።»

«ለማን?»

ዞራ አየችው። በዚህ ጊዜ ዓይኑን ወደ ሜትሩ አልመለሰም።

«ቁመቱን አንተ ታውቀዋለህ» አለችው። «አጠገቤ ተቀምጠህ ለካው።»