ሰባ አንድ የልብ ምት

ጢያራ በሩጫ ፈተናው ሦስተኛ ዙር ላይ በግንባሯ ተደፍታ ሞተች። ስሙን ያወጣላት የሴት ፖሊሶች ክፍል ነው፤ እሷን ሮጦ የሚደርስባት አልነበረም። ሐኪሙ «ልቧ ቆመ» ብሎ ሄደ።

መርማሪዋ እስከ ስድስት ሰዓት ሪፖርት እንድታስገባ ታዛለች። «የሴት አቅም ፈተናውን አልቻለም» ብላ ብትጽፍ፣ ክፍሉን ለመዝጋት ሰበብ ሲፈልጉ ለከረሙት አለቆች ሰርግና ምላሽ ነው። እሷም ያደገችው እዚሁ ክፍል ነው። መቀመጥ አቅቷት በልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ትንቆራጠጣለች።

«ጠዋት ምን አለችሽ?» ስትል የጢያራን የሩጫ ጓደኛ ጠየቀቻት፤ በቁመቷ ማጠር «ምጥን» የሚሏትን።

«ምን ትለኛለች! በቀደም ከሚቃጠል ቤት ሕፃናት ካወጣች ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ ዞሮ አያውቅም። ‹ዛሬስ አልሮጥም› ብላ ወጣች። ስትመለስ ግን ጫማዋን አሰረች።»

ግድግዳው ላይ የእያንዳንዷ ካርድ ተሰቅሏል። ሁሉም በየጠዋቱ የልብ ምታቸውን በእርሳስ ይሞሉበታል፤ ከመቶ በላይ ከሆነ መሮጥ ክልክል ነው። የጢያራ ካርድ ለዛሬ 71 ይላል። መርማሪዋ ካርዱን ወደ መስኮቱ አዘነበለችው። ከቁጥሩ ሥር ወረቀቱ በላጲስ ተፍቆ ሳስቷል።

«ጋሼ፣ አሁንም በድሮው ነው የሚያስቆጥሯቸው?» አለች በሩ ላይ ወደቆሙት አሠልጣኝ ዞራ።

«በድሮው ነው። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት። አንቺንስ ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ?»

«ካርዷን አላዩም?»

«ያየሁት ከወደቀች በኋላ ነው። እኔ ሜዳ የመጣችውን ሁሉ ነው ያስሮጥኩት።»

መርማሪዋ ካርዶቹን አንድ በአንድ አነበበች፤ 64፣ 72፣ 88፣ 96። መንቆራጠጧን አቆመች።

ጢያራ ከወደቀች በኋላ ወደ ልብስ መቀየሪያው የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ምጥን፣ አሠልጣኙና ክፍሉን ከባዶ ያቋቋሙት አዛዥ። ሦስቱንም ሰብስባ ወረቀት አደለቻቸው።

«የልብ ምታችሁን ጻፉልኝ።»

«ቀልድ ነው እንዴ?» አሉ አዛዧ።

«ይጻፉልኝ፣ እትዬ።»

ምጥን አንገቷን ዳብሳ 104 ጻፈች። አሠልጣኙ 76። አዛዧ የልብ ምት የሚቆጥረውን የእጅ ሰዓታቸውን ገልመጥ አድርገው 89 ጻፉ።

«አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ያባዛ ሰው ምንጊዜም በአራት የሚካፈል ቁጥር ነው የሚያገኘው» አለች መርማሪዋ። «በዚህ ግድግዳ ላይ የማይካፈለው ሰባ አንድ ብቻ ነው። ጢያራ ራሷ ወይም ምጥን ብትዋሽ ሰባ ሁለት ትል ነበር። ጋሼም እንደዚያው፣ እጃቸው ለምዷል። ምታቸውን ከሰዓት ላይ የሚያነቡት እርስዎ ብቻ ነዎት። ጢያራ ካርዷ ላይ ስንት ጽፋ ነው የመጣችብዎት?»

አዛዧ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«መቶ አሥራ ሁለት። አለቆቹ አንዲት እንኳ ከቀረች ክፍሉን እንዘጋዋለን ብለውኛል። ‹ለእኔ ስትይ ዛሬን ብቻ ሩጪ› አልኳት። ስትወድቅ ቁጥሩን ፋቅኩት። ልጄ ነበረች እኮ!» አለቀሱ። ቀና ሲሉ ግን እንደገና አዛዥ ነበሩ። «ይህን ከጻፍሽ ክፍሉ አበቃለት።»

«ካልጻፍኩ ደግሞ ነገ ምጥን ትሮጣለች» አለች መርማሪዋ 104 የሚለውን ወረቀት እያሳየቻቸው።

በግድግዳው ጥግ የራሷ ካርድ አለ፤ ፈተናው እሷም አለባት። ዓመቱን ሙሉ ሳትቆጥር 64 ስትጽፍበት ኖራለች። ጣቶቿን አንገቷ ላይ አሳርፋ አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጠረች፤ ሃያ ዘጠኝ። በአራት አባዝታ 116 ብላ ሞላችና ሪፖርቱን ልትጽፍ ተቀመጠች።