የእትዬ አስካለ ቀኝ እጅ

እኔ ጥላዬን የምፈራ ሴት አይደለሁም። ያደግኩት የካ ሚካኤል ነው፣ ከቤታችን በላይ ጫካው ነው፣ ልጆች ሆነን «ጫካ ውስጥ በስምሽ የሚጠራሽ አለ፣ አቤት እንዳትዪው» ሲሉን ሌሎቹ ወደ ቤት ሲሮጡ እኔ ነበርኩ ቆሜ «አቤት! ምን ፈለግህ?» ብዬ የምጮኸው፣ ማንም መልሶልኝ አያውቅም። እስካሁንም የማምነው ከፍቼ ውስጡን የማየውን ነገር ብቻ ነው፣ ኮምፒውተር የወደድኩትም ለዛ ነው፣ ሲበላሽ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱ ደግሞ ተፈልጎ ይገኛል። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ፣ ዩኒቨርሲቲ አልመጣልኝም፣ ኤክሴልን በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ተማርኩ፣ ይሄው ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁን ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፣ እንዲያውም ባታምኑኝ ደስ ይለኛል።

የምሰራው ላምበረት አካባቢ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ ሶስተኛ ፎቅ ነን፣ በመስኮቱ የእንጦጦ ባህር ዛፍ ይታያል፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ምንም አይታይም። ያኔ የስድስት ወር ኮንትራት ላይ ነበርኩ፣ ሀምሌ መጨረሻ ያልቃል፣ ወይ ቋሚ እሆናለሁ ወይ እናቴ ጋ ቁጭ ብዬ «የእከሊት ልጅ ባንክ ገባች» ስትለኝ እውላለሁ፣ መሀል የሚባል ነገር የለም።

የቢሮው ጸሀፊ እትዬ አስካለ ነበሩ፣ ጡረታ ለመውጣት አንድ አመት ከስምንት ወር የቀራቸው ሴት። ከታይፕራይተር ዘመን የመጡ ስለሆኑ ኪቦርዱን ይደበድቡታል፣ በተለይ በስምና በአባት ስም መሀል ክፍተት ሲያስገቡ በቀኝ አውራ ጣታቸው ዱም! ያደርጉታል፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሻይ ይንቀጠቀጣል። ስራቸው የተመራቂዎችን ስም ሰርተፍኬት ላይ መጻፍ ነው፣ ልጆቹ ፎርም ላይ እንደመጣላቸው የሞሉትን ስም አንድ በአንድ እያዩ፣ ይሄ በሐመሩ ሐ ነው፣ ይሄ በዐይኑ ዐ ነው እያሉ ያስተካክላሉ። እኔንም አልማሩኝም።

«ሰኒ፣ ስምሽን በእሳቱ ሰ ነው እንዴ የምትጽፊው?»

«መታወቂያዬ ላይ እንደዛ ነው።»

«መታወቂያሽ ተሳስቷላ። ሠናይት በንጉሡ ሠ ነው። መልካም ማለት እኮ ነው ልጄ፣ መልካም ነገር በእሳት ይጻፋል?»

«ድምጹ አንድ አይደል እትዬ፣ ማን ያውቀዋል?»

«እኔ አውቀዋለሁ» አሉና ዱም!

አንድ ቀን የሬጅስትራሩ ሀላፊ አቶ ግርማቸው ጠሩኝ፣ በሩን ዘጉና «አንቺ ልጅ፣ እሳቸው የሚሰሩትን ኮምፒውተሩ ራሱ አይሰራውም?» አሉኝ። ይሰራዋል አልኳቸው። «በይ እንግዲህ፣ የቋሚነትሽ ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው።» አያችሁ፣ አላስገደዱኝም፣ አላለቀስኩም፣ አንድ ሌሊት እንኳን አላሰብኩበትም።

ማክሮ የማታውቁ ካላችሁ፣ ሰው ኮምፒውተር ላይ እየደጋገመ የሚሰራውን ስራ ቀድቶ አንዴ ስትጫኑት ራሱ የሚደግም ነገር ነው። ከእትዬ አስካለ አጠገብ ወንበር ስቤ «ያስተምሩኝ» አልኳቸው፣ ሳያዩኝ የቁልፍ አመታታቸውን ሁሉ የሚቀዳ ፕሮግራም ማሽናቸው ላይ አስገባሁ፣ አምስት ቀን ሙሉ ቀዳኋቸው፣ የት እንደሚፈጥኑ፣ የት ቆም እንደሚሉ፣ ሁሉን። ሴትየዋ ደስ አላቸው፣ እመኑኝ፣ ከቤታቸው ቆሎ እያመጡልኝ «ከእኔ በኋላ እንኳን ፊደል የሚያውቅ ሰው ይኑር» ይሉኝ ነበር፣ እኔም ቆሎውን እየቆረጠምኩ እቀዳለሁ። በመጨረሻ ስሞቹን ከዝርዝሩ እየወሰደ በእሳቸው አመታት የሚጽፍ ማክሮ ሰራሁ፣ ከዛ ደግሞ ፍለጋ እንዳያስቸግር ብዬ ንጉሡን ሠ በሙሉ ወደ እሳቱ ሰ፣ ሐመሩን ሐ በሙሉ ወደ ተራው ሀ የሚቀይር ኮድ ጨመርኩበት። ንጉስ የለም፣ አለቀ።

አርብ ቀን ቢሮው በሙሉ ተሰብስቦ አሳየኋቸው። የሳምንት ስራቸው ቡናችንን ሳንጨርስ አለቀ፣ ሰው አጨበጨበ፣ ቤዛ የምትባል ባልደረባዬ «እትዬ፣ ኮምፒውተሩ ከእርስዎ በላይ ፈጠነ እኮ፣ እሱስ ቆሎ አይቆረጥምም» አለችና ሁሉም ሳቀ። እትዬ አስካለ ግን ስክሪኑ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለውን ከርሰር ነበር የሚያዩት፣ እሳቸው ቆም የሚሉበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆም ይላል፣ ከዛ ይቀጥላል።

«ይሄ እኮ የእኔ እጅ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ እትዬ፣ ወሰድኩልዎት፣ ይረፉ እንግዲህ» አልኩ እኔ። ቤቱ እንደገና ሳቀ። ሰኞ የስንብት ደብዳቤ ተሰጣቸው፣ የወንበር ትራሳቸውን በፌስታል ይዘው ወጡ፣ እኔን ሳይሰናበቱኝ።

አሁን ጉዱ ወደጀመረበት ቀን ልምጣ። ቅዳሜ ነበር፣ ሀምሌ፣ ከቀኑ ስምንት ሰአት፣ ግን ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ መስኮቱ ላይ ስለተለጠፈ ልክ የመሸ ይመስላል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ላፕቶፑ በባትሪ ነው። ስድስት መቶ ሰርተፍኬት ለሰኞ ጠዋት መድረስ አለበት፣ ካልደረሰ ኮንትራቴ አይታደስም፣ ህንጻው ውስጥ ከእኔና ከጥበቃው ከጋሽ ቶሎሳ በቀር ሰው የለም። ማክሮውን አስጀመርኩትና እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ስልኬን መነካካት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ዝናቡ መሰለኝ። ዱም። ትንሽ ቆይቶ ዱም። ማክሮ ድምጽ የለውም፣ ማንም ምንም አይነካም፣ ፊደሉ ብቻ ነው ስክሪኑ ላይ የሚወጣው፣ ግን በእያንዳንዱ ስምና የአባት ስም መሀል ዱም ይላል፣ ሻዬ ላይ ቀጭን ክብ ይሰራል። ጣሪያው ነው አልኩ፣ የጎረቤት ጀነሬተር ነው አልኩ። በሩ ሲከፈት ዘለልኩ።

ጋሽ ቶሎሳ ናቸው፣ ይሄ ህንጻ ከመሰራቱ በፊት እዚሁ ቦታ ላይ ገብስ ያርሱ የነበሩ ሰውዬ፣ የዝናብ ልብሳቸው ይንጠባጠባል። ቢሮውን ዞር ዞር ብለው አዩ።

«አስካለ በየት ገባች? በእኔ በኩል አላለፈችም።»

«የሉም ጋሽ ቶሎሳ፣ እኔ ብቻ ነኝ።»

«አትዋሺኝ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ አስራ አምስት አመት ከታች ሆኜ የሰማሁትን አመታት አጣዋለሁ?» ከዛ ባዶውን ወንበር አዩ፣ እጄ ላይ ያለውን ስልክ አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ በሩን ክፍት ትተውት ወረዱ።

ያኔ ነው ስሞቹን ያየኋቸው። ሠርካለም፣ በንጉሡ ሠ። ሐረገወይን፣ በሐመሩ ሐ። ኮዴን ከፈትኩ፣ መቀየሪያው አለ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ፈለግኩ፣ አንድም ንጉሡ ሠ የለም፣ ሰርተፍኬቱ ላይ ግን ፊደሉ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል፣ ልክ ሰው አይቶ እንዳስተካከለው።

ተናደድኩ እንጂ አልፈራሁም። ሴትየዋ የሆነ ሰው አስገብተው ማሽኑን አስነክተዋል ብዬ ደወልኩላቸው፣ ማክሮው እየሰራ።

«እትዬ፣ ማሽኑን ምን አደረጉት?»

«ማነሽ? ሰኒ?» ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። «ልጄ፣ ስልኩን በትከሻዬ ነው የያዝኩት፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ ጠረጴዛውን ይመታል፣ ተው ብለው አይተውም…»

ከጀርባቸው ይሰማኛል። ዱም። እዚህ ስክሪኑ ላይ አንድ ክፍተት፣ እዛ ስልኩ ውስጥ አንድ ዱም። ማክሮውን አቆምኩት። ስልኩ ውስጥ ጸጥ አለ።

«ተመስገን» አሉ እትዬ አስካለ። «ተወኝ።»

መልሼ ተጫንኩት። ዱም፣ እና የእሳቸው ጩኸት። አቆምኩት። ተጫንኩት። ሶስት ጊዜ፣ ለማጣራት ነበር፣ ምን ላድርግ፣ ነገር ሳላጣራ አላምንም ብያችኋለሁ።

«ሰኒ» አሉ በሶስተኛው፣ ድምጻቸው ተቀይሮ። «አንቺ ነሽ አይደል? ያን አርብ ወሰድኩልዎት ያልሽው።»

«እኔ አይደለሁም።»

«ዛሬ ብቻ አሳርፊው ልጄ፣ ጣቴ አብጧል፣ በቀኜ እንጀራ እንኳን መቁረስ…»

«ሐኪም ጋ ይሂዱ እትዬ» ብዬ ዘጋሁት።

አራት መቶ ስም ይቀረኝ ነበር። ባትሪው ግማሽ ደርሷል። በዚህ አካሄዱ ከቀጠለ ሳያልቅ ላፕቶፑ ይጠፋል፣ ስለዚህ ኮዱን ከፍቼ እሳቸው ቆም የሚሉባቸውን ቦታዎች፣ እነዛን ትንንሽ እረፍቶች፣ አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው። ከዛ ተጫንኩት። ዱምዱምዱምዱም አለ ጠረጴዛው፣ ሻዬ ተደፋ። ስልኬ ሲጠራ ገልብጬ አስቀመጥኩት። ስድስት ጊዜ ጠራ።

ሰኞ ሁሉም ደረሰ፣ አቶ ግርማቸው አንዱን አንስተው «ፊደሉስ! እንዲህ አይነት ጥራት አይተን አናውቅም» አሉ፣ ቋሚ ሆንኩ። ማክሮውን በየቀኑ እጠቀምበታለሁ፣ ደብዳቤውም፣ መታወቂያውም፣ ማስታወቂያውም በእሱ ነው፣ ለድምጹ ደግሞ ጆሮዬ ውስጥ ሙዚቃ እሰካለሁ። ጋሽ ቶሎሳ አንድ ቀን በር ላይ «አስካለን የካ ሚካኤል አየኋት፣ እጇን በነጠላ ጠቅልላ ይዛዋለች፣ ከውስጥ እንደ ዶሮ ይንፈራገጣል» አሉኝ። ጉድ ነው አልኩና አሳንሰር ውስጥ ገባሁ።

ባለፈው ሳምንት የሰራተኞች መታወቂያ ላወጣ ተጫንኩት። ድምጹ የለም። ሙዚቃውን ነቅዬ አዳመጥኩ፣ ምንም። ደስ ሊለኝ ሲል ስሞቹን አየሁ። በስምና በአባት ስም መሀል ክፍተት የለም። ታደሰ ደህና ወጥቷል። ከበደ «እበደ» ሆኗል። ሙሉ የምትባለዋ ገንዘብ ያዥ ሙሉ በሙሉ የለችም። ኮዱን አገላበጥኩ፣ አንድ ሰአት ፈጀብኝ፣ ከዛ ዝም ብዬ ጣቶቼን ኪቦርዱ ላይ አስቀመጥኩና ገባኝ። አማርኛውን የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ቁልፎች አይደል፣ የጠፉት ቁልፎች በሙሉ በቀኝ እጅ የሚመቱት ናቸው። የግራው ብቻ ነው የቀረው።

የእኔ ስም መጨረሻ ላይ ነበር። ከሠናይት ላይ የቀኝ እጆቹን ቁልፎች ስታወጡ ምን እንደሚቀር እናንተው ሞክሩት። «ሠአት» ይላል። ከነንጉሡ ሠ።

ሰአት በንጉሡ ሠ አይጻፍም፣ ይሄን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ ፊደል አይሳሳቱም፣ ስለዚህ መልእክት አይደለም፣ ግማሹ የጎደለ የእኔ ስም ነው፣ እንደዛ እያልኩ ነው የምተኛው።

አልደወልኩላቸውም። ማክሮውንም አላጠፋሁትም፣ ማጥፋቱ አንድ ቁልፍ መጫን ነው፣ ግን ሳጠፋው እዛ ቤት ምን አብሮ እንደሚጠፋ አላውቅም። አቶ ግርማቸው ደግሞ አሁን ገብተው «መታወቂያው የት ደረሰ? ዛሬ ይለቅ፣ የጎደለውን ፊደል በእጅሽ ሙይው» ብለውኝ ወጡ። ተጫንኩት። ግራው ጀምሯል፣ ግን ከትናንቱ ዘገየ፣ እያንዳንዱ ፊደል ላይ ቆም ይላል። እረፍቶቹን እኮ ሰርዣቸው ነበር።