ዱቄቱ በፈላ ሻይ

«ዛሬ ሦስተኛው አንሶላ ነው» አለች ልጅቷ፣ እናቷ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ። እናቷ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የሰው አንሶላ ስትተኩስ ውላ፣ ቤቷ ደግሞ የአባቷ አንሶላ ጠበቃት። ልጅቷም ከባልዲው ቀና አላለችም። ወገቧ ሊቆረጥ ደርሷል፤ ነገ የሒሳብ ፈተና አለባት፤ ደብተሯን ከከፈተች ግን ሁለት ቀን ሆኗታል።

አያቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። እግራቸው ላይ ያለው ቁስል አመርቅዞ አንቲባዮቲክ ታዘዘላቸው። ካቻምና እንዲህ ያለውን መድኃኒት ሲጀምሩ ተቅማጥ አጣድፏቸው በሦስተኛው ቀን አቋርጠውት ነበር። ቁስሉ አገርሽቶ ሆስፒታል አስተኛቸው። ስለዚህ አሁን ፋርማሲስቷ ሐኪሙን በስልክ አማክራ አንድ ፓኬት ዱቄት ጨመረችላቸው።

«ፕሮባዮቲክ ይባላል» አለች። «አንቲባዮቲኩ መጥፎውን ባክቴሪያ ሲገድል ደጉንም አብሮ ይገድላል፤ ይሄ ደጉን ይተካል። ተቅማጡን ፈጽሞ ያስቀራል ብዬ አልምልም፤ ግን ይረዳል። ከኪኒኑ ሁለት ሰዓት አራርቃችሁ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ስጧቸው። ትኩስ ነገር ውስጥ እንዳትጨምሩት፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ይሞታል።»

እናቷ በየቀኑ ሲሰጣቸው ምልክት የሚደረግበት ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጠፈችና «ነርሷ አንቺ ነሽ» አለቻት። ልጅቷ ደስ አላት።

ችግሩ አያቷ ቀዝቃዛ ውኃ አለመውደዳቸው ነው። «ውኃ ለራዲያተር ነው!» ይላሉ። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ለምና አስጠጣቻቸው። በሁለተኛው ቀን ሰለቻት፤ ዱቄቱን ከሚያቃጥለው ሻያቸው ውስጥ ዶለችውና ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገች። ሰጥታለች፣ አይደል? በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን እንዲሁ።

አሁን እናቷ ፍሪጁ ፊት ቆማ ምልክቶቹን አየች። «አንድም ቀን አልዘለልሽም። ፋርማሲስቷ ሸወደችን ማለት ነው።»

«በቃኝ፣ ልጄ» አሉ አያቷ ከአልጋቸው። «በስተርጅና እንደ ሕፃን አንሶላ ማበላሸት! እግሬ እንደፈለገ ይሁን፤ ያንን ኪኒን አንሺልኝ።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልጅቷ አያቷ ሲያፍሩ አይታ አታውቅም።

«እሺ አባዬ፣ ይቅርብዎት» አለች እናቷ። ለመከራከር አቅም አልነበራትም። የኪኒኑን ብልቃጥ አነሳች።

ልጅቷ ዝም ብትል የሚያውቅ የለም። ዱቄቱ አይናገር፣ ሻዩ አይናገር። ግን ካቻምና እናቷ በሆስፒታሉ ኮሪደር፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ያደረችባቸው ሌሊቶች ትዝ አሏት። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እስክሪብቶውን አነሳችና ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ያሉትን ምልክቶች አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እማ፣ ኪኒኑን አታንሺው። ዱቄቱን በፈላ ሻይ ነው ስሰጣቸው የነበረው። እያወቅኩ።»

እናቷ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ መልሳ ስልኳን ዘረጋችላት። «ደውዪና ለፋርማሲስቷ ራስሽ ንገሪያት። ምን እንደምናደርግ ጠይቂ።»

ልጅቷ ደወለች፤ ሁሉንም ተናገረች፤ «ኪኒኑ አይቋረጥ፤ ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውኃ፤ ተቅማጡ ከባሰ ሐኪም ጋ» የተባለችውን ወረቀቱ ላይ ጻፈች። ከዚያ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ቀድታ ዱቄቱን በጠበጠችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ፣ «ራዲያተርዎ ደርቋል።»

አያቷ ከግድግዳው አልዞሩም። እጃቸውን ግን ወደ ብርጭቆው ዘረጉ።