ንጋቲት ያልዘመረችበት ማለዳ

በሀልመራ መንግሥት ጭጋጉን የሚያባርረው ሠራዊት ሳይሆን የአንዲት ወርቃማ ወፍ ዝማሬ ነበር። ንጋቲት ጎህ ሲቀድ ስትዘምር፣ በተራሮቹ ግርጌ የሚያደባው ሕያው ጭጋግ ወደ ገደሉ ይመለሳል። አንድ ማለዳ ግን ንጋቲት ዝም አለች። ጭጋጉም የምሥራቁን መንደሮች ከነነዋሪዎቻቸው ዋጠ።

መኳንንቱ «እርግማን ነው!» እያሉ ሲንጫጩ፣ የወፏ ጠባቂና የግዛቱ ስመ ጥር ቀስተኛ የሆነችው ወጣቷ ናሄል በንጉሥ አርማዝ ፊት ተንበረከከች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ማንም አልረገማትም። ታማለች።»

«እንዴት ትታመማለች? ባየኋት ቁጥር ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው!»

«ስለሚያዩዋት ነው ጌታዬ። ወፍ ጠላት እንዳይደፍራት ሕመሟን ትደብቃለች። እባክዎ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ይመልከቷት።»

ንጉሡ ተደበቀ፤ ዘውዱ መጋረጃው ላይ እየተያዘ ቢያስቸግረውም ታገሠ። ንጋቲት ብቻዋን የሆነች ሲመስላት ላባዋን ነፍታ ተኮራመተች። ዓይኖቿ ተከደኑ፤ በተነፈሰች ቁጥር ጭራዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ጥሬዋ አልተነካም፤ ኩሷም ውሃ ሆኗል። ንጉሡ ክው አለ።

«ምን አድርገናት ነው?»

«መኳንንቱ ታማኝነታቸውን ለማሳየት በየማለዳው የማር ዳቦ ያጎርሷታል። ተዉ ብል ማን ሰምቶኝ!»

መድኃኒቷ የበረዶው በር ከሚባለው የተራራ መተላለፊያ ማዶ የሚበቅለው የሰሊሆም ቅጠል ነበር። ቅጠሉ በተቀጠፈ ቅጽበት ስለሚጠወልግ ወፏ ራሷ መሄድ ነበረባት። ናሄል «በዚህች ቀስቴ እምላለሁ፣ እየዘመረች እመልሳታለሁ!» ብላ ወፏን በደረቷ ይዛ ተነሣች። ገርሞት የሚባል ሽማግሌ ጦረኛም ተከተላት። «ስንት ዘንዶ የወጋሁ ሰው የወፍ ሞግዚት ልሁን?» እያለ ቢያጉረመርምም፣ ወፏ እንዳይበርዳት ካባውን የሰጠው እሱ ነው።

በበረዶው በር ላይ አንድ ነጭ ዘንዶ ጠበቃቸው። የውርጭ እስትንፋሱ ድንጋይ ይሰነጥቃል። የገርሞት ጦር እንደ ሸንበቆ ተሰበረ፤ ካባውም በረዶ ሆኖ ደረቀ። ንጋቲት መንቀጥቀጧን ስታቆም ናሄል ደነገጠች። የታመመች ወፍ ሙቀት ካጣች እንደማትተርፍ ታውቃለችና ባለ ፀጉር ጓንቷን ከቀኝ እጇ አውልቃ ወፏን ከተተችበት።

«ልጄ፣ ጣቶችሽ!» ሲል ገርሞት ጮኸ።

«አውቃለሁ አባቴ። ገለል ይበሉልኝ!»

በባዶ እጇ ቀስቱን ሳበች። ውርጩ ጣቶቿን ከጅማቱ ጋር አጣበቃቸው። ዘንዶው አፉን እስኪከፍት ጠበቀች፤ ከዚያ ቆዳዋ እየተገሸለጠ ለቀቀች። ፍላጻው በጉሮሮው ገባ፤ ዘንዶውም ወደ ገደሉ ተንከባለለ።

ከበሩ ማዶ ንጋቲት አንገቷን ከጓንቱ አውጥታ ቅጠሉን በላች። ከቀናት ዕረፍት በኋላ አንድ ማለዳ ዘመረች። ጭጋጉ ተገፈፈ፤ የተዋጡት መንደሮችም ከነነዋሪዎቻቸው ብቅ አሉ።

ሲመለሱ ንጉሡ ለናሄል የወርቅ ቀስት አቀረበላት። ቀኝ እጇን አነሣች። ጅማት የሚስቡ ጣቶቿን ውርጭ በልቷቸዋል። ቀስቷን ከልቧ ትወድ ነበርና እንባዋ መጣ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ቀስቱ ለሌላ ይሁን። ለእኔ መኳንንቱ ወፏን የማር ዳቦ ማጉረሳቸውን ያስቀሩልኝ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል!» አለ ንጉሡ።

ንጋቲት ማንም ሳይጠራት በርራ በናሄል ጎደሎ እጅ ላይ አረፈችና፣ ያ ሁሉ መኳንንት እያያት ዓይኗን ጨፈነች። ንጉሡ ከዙፋኑ ዘሎ ተነሣ።

«ደግሞ ታመመች?»

«የለም ጌታዬ» አለች ናሄል፣ እንባዋን በግራ እጇ እየጠረገች። «አንድ እግሯን ሰብስባ ነው የተኛችው፤ ይህ የጤና ነው። ከእንግዲህ አትደበቀንም።»