መለያው የተቆረጠ እርሾ

የበረዶ ሣጥኑን ድብ ባሕር፣ መንገድ ዳር ለፊልጶስ አስረከበች። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር።

ፊልጶስ አልከፈተውም። የተሰረቀ የመድኃኒት ምርምር የሚቸበችበው ይህ ሰው ስድስት ወር ሙሉ «ሸምሲያ» ሲላት ኖሯል፤ ጎንደር ላቦራቶሪ ውስጥ ብልቃጥ የምታጥብ ችግረኛ መስላው። ሰላይ መሆኗን የሚያውቀው ስማቸው የተባለው ሾፌሩ ብቻ ነው። እሱም እንደሷው ሰላይ ነበር።

«መርማሪ አምጥቻለሁ» አለ ፊልጶስ።

ስማቸው የማኪናውን በር ከፈተ።

የላቦራቶሪው ተመራማሪ ዶክተር ህሩይ ወረዱ።

ክው አለች። ሽማግሌውን ደብቅልኝ ብላ አደራ የሰጠችው ለስማቸው ነበር። ሸጧቸዋል። እሷን ግን አላጋለጠም፤ ቢያጋልጣት ራሱም አይተርፍማ።

ሣጥኑ ውስጥ የእባብ መርዝ ማርከሻ የሚያመርት እርሾ እንዳለ ሁሉም ያምናል፤ የህሩይ የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋት። ብልቃጡ ማታለያ መሆኑን የሚያውቁት ግን እሷና ህሩይ ብቻ ናቸው። እውነተኛው አራት ሰዓት ላይ ከጎንደር በአውሮፕላን ይነሳል። ፊልጶስ ከዚያ በፊት ጠርጥሮ ጎንደር ላሉት ሰዎቹ አንድ ስልክ ከደወለ ሁሉም ነገር አበቃ።

ህሩይ ትናንት ያስረዷት በጆሮዋ ይጮኻል። «የሴሉ አስኳል፣ ኒውክለሱ፣ ዋናውን ትእዛዝ አያስወጣም፤ ግልባጩን ነው የሚልከው። ራይቦዞም የሚባለው ሠራተኛ ግልባጩን እያነበበ ፕሮቲኑን ይሰካል። ፕሮቲኑ ግንባሩ ላይ ባለው መለያ ወደ ማጠፊያው ክፍል ይገባል። ታጥፎ ሲስተካከል ጎልጂ የሚባለው ክፍል ያሽገዋል፤ ከረጢቶች ተሸክመው ከሴሉ ያስወጡታል። እኔ መለያውን ቆረጥኩት። አሁን ይመረታል፤ ግን ሳይታጠፍ እዚያው ታጉሮ ይቀራል። ለማንም አይጠቅም።»

ፕሮቲኑ በሰማያዊ መብራት ሲታይ አረንጓዴ ያበራል። ደህናው እርሾ ከሆነ ከላይ ያለው ውሃ ይበራል። የዚህ የሚበራው ከሥር የዘቀጠው ብቻ ነው። ለሚያውቅ ሰው አንድ እይታ ይበቃል።

ፊልጶስ ብልቃጡን ከሣጥኑ አወጣና በኮቱ ጋርዶ ሰማያዊውን መብራት አበራ። «አያ ዶክተር፣ እውነቱን ይንገሩኝና ቤትዎ ይግቡ።»

ህሩይ ብልቃጡን ተቀበሉ። አዩዋት።

ነቀነቁት።

ዝቃጩ ከውሃው ጋር ተደባለቀ። መብራቱ ሥር ሲይዙት ሁሉም አረንጓዴ ሆነ።

«የኔው ነው። ሸጋ አድርጎ ይሠራል።»

«እንግዲያው አብረውን ይሄዳሉ። ያመርቱልናል።»

እጇ ከሻርፗ ሥር ሽጉጧን ነካ።

ህሩይ በዓይናቸው ከለከሏት።

ማኪናው ህሩይን ጭኖ ሊማሊሞን ሽቅብ ያዘ። ቆማ አየችው። ራሷን ጠላች።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ መልእክት ገባ። «ተነስቷል።» ስለ ህሩይና ስለ ስማቸው ጻፈች። የአለቆቿ መልስ አጭር ነበር። «ተልእኮሽ አልቋል። ተሰወሪ።»

ሲም ካርዱን ሰብራ ቦይ ውስጥ ጣለችው። አዲ አርቃይ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። አጠገቧ የተቀመጡ እናት ስሟን ቢጠይቋት «ሽታዬ» አለቻቸው፤ እውነተኛ ስሟን። ከዚያ ወዲያ እንባዋን መያዝ አቃታት።

«ምነው ልጄ? ማን ሞተብሽ?»

እርሾው አድጎ ውሃው ባዶ መሆኑን ፊልጶስ እስኪያውቅ ሦስት ቀን ይፈጃል።

«ገና አልሞቱም፣ እማማ» አለች።