የጸዳው ጥሪ

ረግረጉ ዛሬም አዘንብሎ አደረ። ዘምዘም እየተነጫነጨች ወደ ምሥራቁ ጫፍ ሄደችና ከሥር የተነጠፉትን የአየር ከረጢቶች ነፋች። ጭቃውም፣ ቄጠማውም፣ ጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅሉት ዛፎችም ቀስ ብለው ተቃኑ። ባሕሩ ዳርቻውን ከዋጠው ወዲህ በዚያ አካባቢ ለወፍ ማረፊያ የቀረው ይህ ተንሳፋፊ ረግረግ ብቻ ነበር።

«እንደ ሰነፍ በሬ በአንድ ጎንህ ካልተኛህ አይሆንልህም!» አለችው።

ከቀትር በፊት ሮዞቹ ወፎች፣ ፍላሚንጎዎቹ፣ ደረሱ። ድካማቸው ከክንፋቸው ያስታውቃል። ምሰሶ ላይ የተተከለው ጠሪ፣ የመንጋ ድምፅ እያሰማ ወፎችን የሚያወርደው መሣሪያ፣ ሥራውን ጀመረ። መንጋው ዝቅ አለና ዞረ፤ ተመልሶ ከፍ አለ። እንደገና ዞረ። ከኋላ የቀረች አንዲት ወፍ ማዕበሉ ላይ ወደቀች።

ዘምዘም መገናኛዋን ከፈተች። «ይበልጣል! ጠሪውን ምን አድርጋችሁት ነው? አይወርዱም እኮ!»

ይበልጣል ደጋው ላይ ካለው ማዕከል ሆኖ መሣሪያውን የሚቆጣጠር ባለሙያ ነው። ባሕር አይቶ አያውቅም።

«እትዬ ዘምዘም፣ ምንም እንከን የለውም። እንዲያውም ድምፁን አጽድተነዋል።»

«ከምን?»

«በየመሐሉ አንድ ሰውዬ ሲነጫነጭ ይሰማ ነበር። እሱን አወጣነው።»

ሰውዬው ባሏ ሐመዱ ነበር። የቀበረችው በነሐሴ ነው። እነዚህን ወፎች በመሣሪያ አስፈልፍሎ፣ በእጁ አብልቶ ያሳደጋቸው እሱ ነው፤ እያበላ ይሰድባቸዋል፣ እሷ ደግሞ ከኋላው ሆና እሱን ትሰድበዋለች። የጠሪው ድምፅ ሲቀዳ የእሱም ንጭንጭ አብሮ ገብቷል። ጠሪው የሚከፈተው ወፎቹ ሲመጡ ብቻ ስለሆነ፣ የባሏን ድምፅ ለመስማት ስትል ወራት ሙሉ ይህን ቀን ጠብቃለች።

«መልሰው» አለች።

«የድሮው ቅጂ ተደምስሷል። ለጥራት ብለን እኮ ነው፣ እትዬ...»

«ጥራትህ ገደል ይግባ!»

ጠሪውን አጥፍታ እስከ ጉልበቷ ጭቃው ውስጥ ገባች። «ኑ፣ የኔ ልጆች» አለች በለሰለሰ ድምፅ። መንጋው ጭራሽ ራቀ። ያኔ ትዕግሥቷ አለቀ።

«እናንተ ሆዳሞች! ምን ያዞራችኋል? እሱ እንደሆነ ይህን ሁሉ ጭቃ አሸክሞኝ ሄደ፤ እናንተም ልትሄዱ ነው? ሂዱ! ማን ለመናችሁ!»

መሪዋ ወፍ አንገቷን አዞረች። ከዚያ ሰማዩ ሁሉ ሮዝ ሆኖ እላይዋ ላይ ወረደ።

ዘምዘም ውኃ በውኃ ሆና በመካከላቸው ቆመች። ሰው ከወፍ ሰፈር እንዲርቅ ስንት ዘመን ተመክሯል፤ እነዚህ ግን የሰው ንጭንጭ የማይሰማበትን ቦታ ቤቴ አላሉትም።

«ወረዱ!» ይበልጣል በመገናኛው ጮኸ። «እትዬ፣ የተናገሩትን ቀድቼዋለሁ። ከእንግዲህ መድከም አያስፈልግዎትም።»

«ደምስሰው።»

«ምን?»

«ደምስሰው አልኩህ! ቅጂ እንደሆነ ነገም ታጸዱታላችሁ። እኔስ አልሞትም? በቅርቡ ጫጩቶች ይፈለፈላሉ። ናና አብላቸው፤ ይወቁህ።»

«እኔ? እኔ እኮ ወፍ ማናገር አላውቅበትም።»

«ሚስት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«እሷንም ይዘሃት ና» አለችውና መገናኛውን ዘጋች።