የተፋቀው ስም

መምህር ነጋሽ ጭሮ ከሚገኘው ቤታቸው ደጃፍ፣ ከገዛ ታፔላቸው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። አናታቸው በድንጋይ ተፈንክቷል። ታፔላው «ነጋሽ ስሚዝ፣ የእንግሊዝኛ አስጠኚ» ይል ነበር። አሁን «ስሚዝ» የሚለው ተፍቋል። ኢንስፔክተር ሀኒፋ ጎንበስ ብላ አየች። የቀለሙ ፍቅፋቂ የረጋው ደም ላይ ተበትኗል።

«ገድሎ ሲያበቃ ነው የፋቀው» አለች። ሰው ገድሎ ታፔላ የሚያጸዳ፣ ምን ዓይነት ጉድ ነው!

ጎረቤታቸው አብዱረዛቅ፣ የጫት ነጋዴው፣ በአጥር ተጣልቷቸው ነበር።

«ስሚዝ ምንድን ነው?» አለችው።

«ወላሂ አላውቅም! ፈረንጅነት አምሯቸው ነው ብለን እንስቅባቸው ነበር።»

እህታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ ፊደል አልቆጠሩም፤ የትኛውን ቃል እንደሚፍቁ አያውቁም። ልጃቸው ብሩኬ ግን አጎቱ ጋ ነው የተማረው። እሑድ ሙሽራ ነው።

«እኔ እንጃ፤ የፈረንጅ ስም መሰለኝ» አላት።

ከቀብሩ ማግስት ሀኒፋ ሁሉንም ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰበሰበች። የሙሽሪት አባት አቶ መኮንንም ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል።

«እኔም የመምህር ነጋሽ ተማሪ ነበርኩ» አለች። «በየዓመቱ የመጀመሪያ ትምህርታቸው ይሄው ነበር። ስሚዝ ማለት ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ እንግሊዝ አገር እንደሱ የበዛ የቤተሰብ ስም የለም፤ የኢኮኖሚክሱ ሊቅ አዳም ስሚዝም ይጠራበታል። እሳቸው ክፍል የገባ ይህን አይረሳም። ብሩኬ፣ ለምን ዋሸኸኝ?»

ብሩኬ አቀረቀረ።

«ስለ ራሳቸው እንደሚያወሩ ያኔ አልገባኝም» አለች ሀኒፋ። «አያትህ መሰላ ወረዳ ውስጥ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ አጣርቻለሁ። አገሩ በሙሉ ቀልድ የመሰለውን ታፔላ የሚፈራው ምስጢሩን የሚያውቅ ብቻ ነው።»

«ሠርጉ ላይ ቆሜ ዘራችንን እናገራለሁ አሉኝ!» ብሎ ጮኸ ብሩኬ። «እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ‹ኩራበት› አሉኝ!»

ካቴናው ሲገባለት ወይዘሮ ጥሩነሽ ወደ አቶ መኮንን ዞሩ። ወንድማቸውን ቀብረው ሳያበቁ ልጃቸው መሄዱ ነው፤ አንጀት ይበላሉ። አቶ መኮንን ስለ ሟቹም ስለ ገዳዩም አልጠየቁም።

«ቀጥቃጮች ናችሁ?» አሉ።



አቶ መኮንን ሻዩን መሬት ላይ ደፉና አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ለቀስተኛው ሁሉ ብርጭቆውን እያስቀመጠ ተከትሏቸው ወጣ።